የወጥ ቤታችን ጩኸት ይቀነስ፤ ጭሱ ግን ይውጣ



ባለፉት ሁለት ወራት ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከቀረቡት አቤቱታዎች ውስጥ ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ይኸውም ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው የጭስ መሳቢያ፣ በተለምዶ ሁድ የምንለው ነው። አንደኛው አመልካች «ከጎናችን ሌሊት ወፍጮ የተተከለ ይመስላል» ብለዋል። ሁለተኛዋ የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ሲሆኑ ቀን መተኛት እንዳልቻሉ ገልጸዋል። ሦስተኛው ደግሞ የተወቀሱት ሰው ራሳቸው ናቸው፤ «በገዛ ቤቴ ወጥ እንዳልሠራ ልከለከል ነው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ቡና መጠራራት ትተዋል፤ ሰላምታም ተቋርጧል። ይባስ ብሎ የተወቀሱት ቤተሰብ በንዴት መሳቢያውን ጨርሰው አጠፉትና በራቸውን ወደ ኮሪደሩ ከፍተው ቁሌት አቁላሉ። በርበሬው ደረጃውን ሞልቶት ፎቁ በሙሉ ሲያስል ዋለ። አስም ያለባቸው አንዲት እናት ወርደው ግቢ ለመቀመጥ ተገደዱ። እንግዲህ ከጩኸት ሸሸን ብለን ጭስ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን በጉዳዩ ተነጋግሮበታል። አቋማችንም ይህ ነው፤ መሳቢያው አይጠፋም፣ ይስተካከላል። ወጥ ሠሪውም አላጠፋም፣ እንቅልፍ ያጣውም አላጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያልታጠበ ፊልትሮና በጥድፊያ የተገጠመ ቱቦ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ መልካም መሆኑን መክሯል። የብዙ መሳቢያዎች ድምፅ ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠሩ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ይደርሳል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። እርግጥ ነው ግድግዳ ድምፅ ይቀንሳል። ነገር ግን መሳቢያው ከግድግዳው ጋር በደረቁ ከተጣበቀ ንዝረቱ በብሎኬቱና በቤቶኑ ይተላለፍና ጎረቤት ትራስ ሥር ይደርሳል። «የእኔ ቤት ያን ያህል አይጮህም» የሚል ሰው ይህንን ያስብ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር።

አንደኛ፣ ፊልትሮውን እንጠብ። ቅባት የደፈነው ፊልትሮ አየር አያሳልፍም፤ እኛም ጭሱ እምቢ ሲለን ፍጥነቱን እንጨምራለን፤ ጩኸቱም ይጨምራል። የብረት ፊልትሮ በወር አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ተዘፍዝፎ ቢታጠብና ደርቆ ቢመለስ በቂ ነው። የተጠራቀመ ቅባት እሳት እንደሚይዝም አንርሳ። የከሰል ፊልትሮ ያለው ግን አብዛኛው አይታጠብም፤ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን እንቀንስ። የቬንትሌተሩ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽንኩርቱ ድስት ከመግባቱ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ በዝቅተኛው ቁጥር ማስነሳት፣ ከተሠራም በኋላ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። ጭሱ ቤቱን ከሞላ በኋላ በሦስት ቁጥር ማስጮህ ግን ለማንም አይበጅም።

ሦስተኛ፣ ብሎኖቹን እንይ። ከመንካታችን በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። የላላ ካለ ይጥበቅ፤ መሳቢያው ግድግዳውን ወይም ቁም ሣጥኑን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ቁራጭ ጎማ ይግባበት።

አራተኛ፣ ቱቦውን እንመርምር። ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። መሳቢያው 15 ሳንቲ ሜትር መውጫ እያለው ገጣሚው በ10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይቀጥለዋል። የ15ቱ ቱቦ አፍ ስፋት ከ10ሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ያው አየር በጠባቡ ልለፍ ሲል ያፏጫል። እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ቱቦም ሳይለጠጥ ከተተወ ሽብሽቡ አየሩን ያውከዋል። ቱቦው አጭር፣ ውስጡ ልሙጥ፣ እጥፋቱም ትንሽ ይሁን። በውጭ በኩል ያለው ክዳን በነፋስ የሚንኳኳ ከሆነም ይስተካከል።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚንጋጋ ከሆነ፣ የቬንትሌተሩ ምላስ ቅባት ይዞ ሚዛኑን ስቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቱቦ ለማውጣት የውጭውን ግድግዳ መብሳት ወይም ወደ ጋራ የአየር መውጫው መቀጠል ለማኅበሩ ሳያሳውቁ አይቻልም። የአንዱ ጭስ በሌላው ወጥ ቤት ይገባልና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግልና የጋራውን የለየውም ለዚሁ ነው። ሌላው፣ መሳቢያ አለኝ ብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ሞት ነው። የከሰሉን መርዛም ጋዝ ፊልትሮ አያስቀረውም። ይህን ለልጆቻችንም ለሠራተኞቻችንም እንንገር።

አንዳንዱ «በቤቴ ማን ይናገረኛል?» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለ ንብረት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ጭስም ጩኸትም አብረው ተጠርተዋል። ስለዚህ አንዱን ለመከላከል ብሎ ሌላውን መልቀቅ አያዋጣም። ደግሞም ሕጉ «ከልክ ያለፈ» አለ እንጂ ጸጥ በሉ አላለም። የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እስከ እኩለ ሌሊት ይቁላላል፤ በረመዳንም ለሱሑር ሌሊት ምድጃ ይለኮሳል። ይህን መቻል ደግሞ የእኛ የጎረቤቶች ፈንታ ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ከበዓላትና ከጾም ወራት በስተቀር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሳቢያ በዝቅተኛው ቁጥር ብቻ ይሠራ። ቅሬታ ያለው ሰው ወረቀት ከመጻፉ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ በእርጋታ ያነጋግር። ካልተስማሙ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች በሁለቱም ቤት ገብተው ድምፁን በጆሯቸው ይሰሙታል። አቅመ ደካማ የሆኑና ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት ስማቸውን ቢያስመዘግቡ፣ ፊልትሯቸውን የሚያወርዱላቸውና የሚያጥቡላቸው ወጣቶች ከሕንፃችን ይመደባሉ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ሌሊት ሕመም ቢነሳ ቀድሞ የሚደርስልን ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ነው። ለአንድ ፊልትሮና ለአራት ብሎን ብለን እሱን አንጣ። ቡና ያቋረጣችሁትም፣ ኧረ በዚህ እሑድ ተጠራሩ። አደራችን የጠበቀ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት