ፀሐይ ለሞቀው አገር አምፖል

ባለፈው ጥር፣ በጠራራ ቀትር፣ ቡልቡላ ከተማ ውስጥ መብራት ሲበራ አየሁ። የበራው የመንገድ መብራት አይደለም። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ የተወተፈበት የአክስቴ ጓዳ ነው። ገብቼ ዓይኔ እስኪለምድ ቆምኩ። ከጣሪያው ማገር በሽቦ የተንጠለጠሉ ሦስት ጠፍጣፋ መብራቶች ወይን ጠጅ መልክ ያለው ብርሃን ያፈሳሉ። ከሥራቸው፣ ለሁለት በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ የቃሪያና የቲማቲም ችግኝ ተደርድሯል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዘመናዊ እርሻ ማለት ይኸ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ኩራቱን ለመደበቅ እየሞከረ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መብራቶቹ የተገዙት አክስቴ ለውሃ መሳቢያ ሞተር ብላ በዕቁብ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው።

ጎንበስ ብዬ ችግኙን አየሁት። ክር መስሏል። ተመዝዞ ተመዝዞ ራሱን መሸከም አቅቶት ግማሹ ተኝቷል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ልጁ ያደረገው የተነገረውን ነው። እኔ የምሟገተው ከተነገረው ነገር ጋር ነው፤ የጎደለንን ትቶ የሞላልንን ከሚሸጥልን፣ ያንንም «ሥልጣኔ» ብሎ ከሚጠራው አስተሳሰብ ጋር። ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ የተማርኩ እንጂ የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ፀሐይ መውጣቷን ለመመስከር የእርሻ ዲግሪ አያስፈልግም።

ለመሆኑ ተክልን በጓዳ ዘግቶ በመብራት የማሳደግ ልማድ ከየት መጣ? ሁለት ወላጆች አሉት። አንደኛው ፀሐይ ማጣት ነው፤ ሁለተኛው መደበቅ።

ፀሐይ ያጣችው ሆላንድ ናት። አምስተርዳም በ52ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ ወር የቀኗ ርዝመት ስምንት ሰዓት አይሞላም፤ ያም ቢሆን ደመና የዋጠው ነው። ስለዚህ ገበሬዋ በመስታወት ቤቱ ጣሪያ ላይ ብርቱካንማ ብርሃን የሚሰጠውን የሶዲየም አምፖል ሰቀለ። አልተሳሳተም። የሌለውን ገዛ።

የተደበቀው ደግሞ የአሜሪካው ካናቢስ አብቃይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የካሊፎርኒያ መንግሥት በሄሊኮፕተር እየዞረ የካናቢስ ማሳ ማጥፋት ሲጀምር፣ አብቃዩ ተክሉን ይዞ ወደ ምድር ቤት ገባ። መስኮቱን ዘጋ፤ አምፖል ሰቀለ፤ ሰዓት መቁጠሪያ ገጠመ። የተክሉም ጠባይ ረዳው። ካናቢስ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ይህን ጠባይ ፈረንሳዊው ዡልየን ቱርኗ እ.ኤ.አ. በ1912 ልብ ብሎት ነበር፤ ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ደግሞ በ1920 በትምባሆና በአኩሪ አተር ላይ አጥንተው ሕጉን አሳወቁ። እናም ጓዳ ውስጥ ያለ ሰው ቅጠል እንዲበዛለት ሲፈልግ 18 ሰዓት ያበራል፤ አበባ ሲፈልግ ወደ 12 ይቀንሳል።

የአክስቴን ልጅ «ስንት ሰዓት ታበራለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «18» አለኝ። ለምን 18 እንደሆነ አያውቅም። ቁጥሩ ከማን ጓዳ ተነስቶ ቡልቡላ እንደ ደረሰ የነገረው የለም። ቲማቲምና ቃሪያ ለማበብ የቀንና የሌሊት ርዝመት የሚቆጥሩ ተክሎች አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እናንሳ። በእኛም አገር ካናቢስ ይበቅላል። ከቡልቡላ ወደ ደቡብ ብዙ ሳይርቅ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ለውጭ አገር ጥቁሮች መሬት የሰጡባት ሻሸመኔ አለች። እዚያ የሰፈሩት ራስታፈሪያን ቅጠሉን እንደ ቅዱስ ነገር ያዩታል፤ ሕጉ ደግሞ እንደ ወንጀል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማብቀሉንም መሸጡንም በጽኑ ይቀጣል። ሕጉ ልክ ነው አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነውና ዛሬ አልገባበትም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የተከለከለው ተክል እንኳ በዚያ አካባቢ የሚበቅለው በሜዳ፣ በፀሐይ ነው። ያልተከለከለው ቃሪያ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጓዳ ገባ!

ውጤቱንም ስሙት። ማታ ማታ በስንጥቁ የሚወጣውን ወይን ጠጅ ብርሃን ያየ ሰፈር ማውራት ጀመረ። «የእሷ ልጅ ሐሺሽ ይተክላል» ተባለ። አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች መጥተው በሩን አስከፈቱ። ያገኙት ቃሪያ ነው። ስቀው ሄዱ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። «የኔ ልጅ፣ ሃያ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር ጎረቤት ቡና ጠርቼው ሲያመነታ አየሁ» አለችኝ። ለመደበቅ የተፈለሰፈ ዘዴ፣ የሚደብቀው ነገር በሌለው ቤት ሲገባ የሚያተርፈው ይህንን ነው።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። ሻጩ «ባለ 1,000 ዋት» ብሎ ነው የሸጠለት፤ ካርቶኑም ይህንኑ ይላል። ይህ በዓለም ገበያ የታወቀ ማታለያ ነው። እንዲህ ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ብዙዎቹ ከመስመር የሚስቡት 100 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ዋትም ቢሆን የወጪ ልክ እንጂ የብርሃን ልክ አይደለም። ሉመንም ለሰው ዓይን የተሰፋ ነው። ተክል የሚመገበው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ነው፤ መጠኑም በማይክሮሞል ይቆጠራል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ በየሰከንዱ 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ታወርዳለች። 100 ዋት የሚስብ ርካሽ መብራት ብርሃኑ ሁሉ አንድ ስኩዌር ሜትር ላይ ቢያርፍ እንኳ ከ150 ብዙም አያልፍም። ልጁ ደግሞ መብራቱን ማገር ላይ ሰቅሎታል። ከትንሽ መብራት የሚኖረን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ችግኙ ክር የመሰለው ብርሃን ፍለጋ ነው። በሩ ቢከፈትለት ኖሮ አሥር እርምጃ አያስኬደውም ነበር።

ወይን ጠጅ ቀለሙስ? ቅጠል ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን አብልጦ ስለሚወስድ ነው ያንን ቀለም የሰጡት። ዛሬ ግን ደህና አምራቾች ወደ ነጭ ብርሃን ተመልሰዋል፤ አረንጓዴው ወደ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ሠራተኛውም የቅጠሉን በሽታ ለይቶ ያያል። እኛ ጋ የደረሰው እነሱ የተዉት ነው።

«እንግዲያው ትክክለኛውን መብራት ይግዛ» የሚል ይኖራል። እናስላ። አንድ እውነተኛ የ600 ዋት ሶዲየም አምፖል በቀን 18 ሰዓት ቢበራ 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በ30 ቀን 324። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል በተወሰነበት አገር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ በሚፈለግበት ከተማ፣ ይህ ወጪ ለአንድ መደብ ቃሪያ ነው። ቡልቡላ ከ8ኛው ዲግሪ ሰሜን በታች ናት። የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ሆላንዳዊ በሕልሙ የሚያየው ይህንን ነው።

እንክብካቤውም እንደ መብራቱ ነው። ልጁ ጠዋትና ማታ ያጠጣል፤ ጀሪካኑ ከሥሩ አልተበሳም። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ በውሃ የታፈነ ሥር ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲገረጣ ማዳበሪያ ጨመረበት። በስምጥ ሸለቆ ግን ብዙው የጉድጓድ ውሃ ሶዳ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ የአፈሩን ጠባይ ለውጦ ብረቱን ያስርበታል፤ የደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ የሆነ አዲስ ቅጠል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ማዳበሪያ ሲጨመር ጨው በጨው ላይ ይሆናል። የሩቅ አገር መመሪያ ይህንን ከየት ያውቀዋል?

ይህን የምታውቀው አክስቴ ናት። ከፍ ያለ መደብ፣ ዘሩ እስኪበቅል ሣር ማልበስ፣ ሲበቅል ሣሩን አንስቶ ዝቅ ያለ ዳስ መሥራት፣ ከመዛወሩ በፊት ዳሱን ቀስ በቀስ እየገፈፉ ውሃውንም እየቀነሱ ችግኙን ማጀገን። በዝዋይና በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግበውን ልበል። ያቺ አምፖል የሰቀለችው ሆላንድ ምን አደረገች? በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ባለ ጽጌረዳዎቿ ዝዋይ መጡ። ከነሱ ትልቁ በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ሲያመርት የቆየ ነው። ዝዋይ ላይም ከዓለም ግዙፍ የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱን ዘረጋ። ምን ፈልገው መጡ? ርካሽ ጉልበት ነው፣ መሬት ነው፣ ውሃ ነው፤ ከሁሉም ጋር ደግሞ ፀሐይ ነው። ፕላስቲኩ ቤት ዝናብና ነፋስ ይከላከላል እንጂ ጽጌረዳው የሚያድገው በእኛው ፀሐይ ነው። እነሱ አምፖላቸውን አጥፍተው ወደ ፀሐያችን መጡ፤ እኛ ፀሐያችንን በብርድ ልብስ ጋርደን አምፖል ገዛን!

ውሃውስ? የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ የሚወርድ ነው። የሐይቁ ወለል ዝቅ ሲል ወንዙ ይከሳል፤ ወንዙ ሲከሳ አቢጃታ ይሸሻል። ከሐይቁ የአበባ እርሻውም፣ የገበሬው ሞተርም፣ ከተማውም ይቀዳል፤ ሐይቁን የሚመግቡት መቂና ከታርም በመንገዳቸው ይቀዳሉ። አቢጃታ ላይ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተጨምሮበታል። በሐይቁ ዓሣ ይኖሩ የነበሩት የውሃ ወፎች የነበሩበት ዳርቻ ዛሬ ነጭ አፈር የሚቦንበት ሜዳ ሆኗል። ጥፋቱን በአንድ ሰው ትከሻ መጫን አይቻልም። ነገር ግን ከመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ድርሻው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ቡልቡላ ያለችው እዚያ ጫፍ አጠገብ ነው።

«ወጣቱ መሬት የለውም፤ ጓዳው ብቻ ነው ያለው» ለሚለኝ መልሴ፦ እውነት ነው፣ ከባድም እውነት ነው። ነገር ግን የመሬት እጦትን ሦስት መብራት አይፈታውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። መብራት ቦታ የለውም አላልኩም። የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ ከቅንጣት ሕዋስ በሚራባበት ቤተ ሙከራ ያለ አምፖል ሥራ የለም። ያ ግን ጓዳ አይደለም፤ ሸማቹም አምፖሉን በዕቁብ ገንዘብ አልገዛም።

በ2013 ዓ.ም. በቡልቡላ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። የአካባቢውን ምርት እንዲያቀናብር የተባለ ነው። ምርቱን ማን ያቅርብለት? የአክስቴ ልጅ ካላቀረበ ማን ያቀርባል? እንግዲያው ለወጣቱ ሥልጠና የምትሰጡ፣ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል በአፋችሁ የምታላምጡ ሁሉ፣ ስለ አምፖል ቀለም ማውራቱን ተዉና ይህን መልሱለት፦ ውሃው ሲመረመር ምን ተገኘበት? የጥላ መረብ በስንት ይገኛል? የጠብታ መስኖ ቱቦ ለሩብ ጥማድ መሬት ስንት ሜትር ይበቃል? ከወንዙስ በሳምንት ስንት ሰዓት መቅዳት ይፈቀድለታል? ይህን የፈቀደለትስ ማን ነው?

ከመመለሴ በፊት ከአክስቴ ጋር የተረፉትን ችግኞች ወደ ደጅ አወጣናቸው፤ ከግራሩ ሥር፣ መጀመሪያ በጥላ። ልጁ መስኮቱ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አውርዶ አራገፈው። ብርድ ልብሱ የራሱ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ልብስ ሲተኛ ከርሟል። መብራቶቹን ለመሸጥ እየሞከረ ነው። አክስቴም አዲስ ዕቁብ ገብታለች፤ ለዚያው ለሞተሩ። የሚደርሳት በሰኔ ነው። ሰኔ ላይ ወንዙ ውሃ ይኑረው አይኑረው ግን እሷም እኔም አልተነገረንም።