በጨዋታ ሣጥን ላይ ስለሚጻፈው የዕድሜ ቍጥር

ሕፃን የሚበላውን እናቱ ቀምሳ ትሰጠዋለች፤ በዐይኑ የሚያየውን ግን ማን ቀምሶ ይሰጠው ይኾን? ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን ከጥቂት ቀን በፊት በጎንደር ከተማ ፒያሳ ያየነው ነገር ነው።

በጣልያን ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች አጠገብ፥ ከፋሲል ግንብ ብዙ በማይርቅ መንገድ ዳር፥ ልጆች በጥቂት ብር ፕሌይስቴሽን ይጫወቱ ነበር። ባንደኛው ቴሌቪዥን እግር ኳስ ይታያል፤ በኹለተኛው ግን ሰው በጥይት ሲወድቅ ደሙም ሲፈስ ይታይ ነበር። የሚጫወተውም ልጅ ዐሥር ዓመት የሞላው አይመስልም። ባለቤቱን «ይህ ጨዋታ ለስንት ዓመት ልጅ የተፈቀደ ነው?» ብንለው «ጋሼ፥ ጨዋታ ለልጅ ካልኾነ ለማን ይኾናል?» ሲል መለሰልን። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚነግረው አጥቶ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓመት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ስለ ጨካኝ ጨዋታዎች ከመረመረ በኋላ፥ የጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር በ1994 ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የሚባለውን መዛኝ ድርጅት አቋቋመ። በአውሮፓም በ2003 ፔጊ የሚባለው ተከተለ፤ እርሱም በሣጥኑ ላይ 3፥ 7፥ 12፥ 16፥ 18 ከሚሉት ቍጥሮች አንዱን ያሳትማል። ምክንያቱንም በሥዕል ይገልጣል፤ ጡጫ ድብደባንና ግድያን፥ ሸረሪት ፍርሃትን፥ መርፌ አደንዛዥ ዕፅን ያመለክታል።

ብዙ ሰው ቍጥሩ የጨዋታውን ክብደት የሚናገር ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። 3 የተጻፈበት ጨዋታ ሽማግሌውን ሊያስቸግር፥ 18 የተጻፈበትንም የሰባት ዓመት ልጅ ባንድ ቀን ሊለምደው ይችላል። ቍጥሩ የሚናገረው የሚታየውንና የሚሰማውን ነገር ልብ ይሸከመው እንደ ኾነ ነው።

ዳሩ ግን መዛኞቹም ሰዎች ናቸውና ፍርዳቸው ይለያያል። በ2023 የወጣው ኤፍሲ 24 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ በፔጊ 3 ሲሰጠው በጀርመን 12 ተሰጠው፤ በውስጡ ዕጣ እንደ መቍረጥ ያለ ግዢ ስላለበት ነው። ጂ.ቲ.ኤ. ሳን አንድሪያስ የተባለውም በ2004 በአሜሪካ ለ17 ዓመት ተፈቅዶ ሳለ፥ በ2005 የተሰወረ ነውር ቢገኝበት ወደ 18 ከፍ አለ። ስለዚህ ቍጥሩ ለአባት ረዳት ይኾነዋል እንጂ የአባትን ዐይን አይተካም።

ይህ የባዕድ ሥርዐት ነው የሚል ቢኖር፥ የጎንደርን ጉባኤ ቤት ያስታውስ። ተማሪ ከፊደል ወደ ንባብ፥ ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከዚያም ወደ ትርጓሜ ይወጣል። ፊደል ላልለየ ልጅ ትርጓሜ የሚያስተምር መምህር የለም። ለነገሩ ኹሉ ጊዜ እንዳለው አባቶቻችን አስቀድመው ዐውቀዋል።

የኛ ችግር ሌላ ነው። ጨዋታው ተቀድቶ ሲመጣ ሣጥኑ ከነቍጥሩ ይቀራል፤ ሣጥኑ ቢመጣም ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው። እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጡት ሹማምንት፥ በየጨዋታው ቤት የጨዋታዎቹ ስምና የዕድሜ ቍጥራቸው በዐማርኛ ተጽፎ በግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፥ 18 የተባለውም ሕፃናት ባሉበት እንዳይከፈት ቢያዝዙ መልካም ነው። ባለቤቱም እንጀራው አይቋረጥበትም፤ በዚያች ቤት ብዙዎቹ ተራ ይጠብቁ የነበሩት እግር ኳሱን ነበርና።

ካህናትም ጨዋታን ኹሉ በጅምላ ባያወግዙ ይሻላል። ቅኔ ጌምስ የተባለው ያገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ጨዋታ መሥራቱ፥ ይህ ጥበብ ለወጣቶቻችን ሥራና ክብር ሊኾን እንደሚችል ያሳያል። የነፍስ አባት ወደ ቤት ሲገባ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቅ ኹሉ «ልጃችኹ ምን ይጫወታል?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመልስለት ወላጅ ቢያጣ፥ ምክሩን ከዚያ ይዠምር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ያ ልጅ ዛሬም ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደዚያች ቤት ይሄዳልና፥ ከርሱ በፊት የምንደርስ እኛ እንኹን።