አንድ ቁጥር አይበቃም፦ በቀላሉ የማይተኑ ኬሚካሎችን የእንፋሎት ግፊት ስለመዘገብ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ዲዲቲ በአየርና በአፈር መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሰላ ሞዴል ስሠራ፣ የእንፋሎት ግፊቱን ከአንድ ሠንጠረዥ ገልብጬ አስገባሁ። ቁጥሩ የጠጣሩ ዲዲቲ ነበር፤ ሞዴሉ የሚጠይቀው ግን የፈሳሹን ነው። ዲዲቲ የሚቀልጠው በ109 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ፣ በ25 ዲግሪ ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ቢቆይ የሚኖረው ግፊት ከጠጣሩ ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስህተቱን የደረስኩበት ረቂቁን ለአማካሪዬ ካስረከብኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የባልንጀሮቼን ጽሑፎች ሳነብ ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሙቀት መጠኑም ሆነ የቁሱ ሁኔታ አልተጠቀሰም፤ ቁጥሩ በልኬት ይገኝ በግምትም አይታወቅም።

የልኬቱ ችግር ከመጠኑ ማነስ ይመነጫል። የጠጣር ዲዲቲ የእንፋሎት ግፊት በ25 ዲግሪ 0.000025 ፓስካል ገደማ ነው። በዚህ ግፊት የጠገበ 1 ሜትር ኩብ ጋዝ የሚሸከመው 3.6 ማይክሮግራም ያህል ዲዲቲ ብቻ ነው። ናይትሮጅንን በናሙናው ላይ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር እያሳለፍን እናጥግብ ብንል፣ ያን 1 ሜትር ኩብ ለማሳለፍ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በተለይ የክብደት መቀነስን ብቻ በሚከታተሉ ዘዴዎች፣ በናሙናው ውስጥ ይበልጥ የሚተን ጥቂት ባዕድ ነገር ካለ የምንለካው እርሱን ሊሆን ይችላል።

በግምት መተካቱም ቢሆን ከችግር አያድንም። ብዙዎቹ የግምት ስሌቶች የሚነሡት ከመፍላት ነጥብ ነው። በቀላሉ የማይተኑ ብዙ ኬሚካሎች ግን ሳይፈሉ ስለሚበሰብሱ የመፍላት ነጥባቸው ራሱ የተገመተ ይሆናል። በግምት ላይ ሌላ ግምት ሲደረብ የመጨረሻው ቁጥር ከእውነተኛው በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል።

ለአገራችን ደግሞ የሙቀቱ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። የመትነኛ ኢንታልፒው በሞል 100 ኪሎ ጁል የሆነ ኬሚካል፣ ከ15 ዲግሪ ደጋ ወደ 35 ዲግሪ ቆላ ሲወርድ የእንፋሎት ግፊቱ ወደ 15 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የ25 ዲግሪ ቁጥር ሳይታረም ለአዲስ አበባም ለአፋርም ሊያገለግል አይችልም።

«ግፊቱ ያም ሆነ ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ዲዲቲ በስፋት ተረጭቶ በማያውቅበት በአርክቲክ የተገኘው በዚሁ ትንሽ ግፊት እየተነነና በቀዝቃዛው አካባቢ እየረጋ በመጓዙ ጭምር ነው። በኢትዮጵያም ወባን ለመከላከል ለአሥርት ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ተረጭቷል፤ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮችም በየመጋዘኑ ተከማችተው ቆይተዋል። በእነዚህ ቤቶችና መጋዘኖች አጠገብ የሚኖር ሰው ምን ያህሉን ይተነፍሳል የሚለው ስሌት ከዚህ ቁጥር ይጀምራል። ቁጥሩን በሰባት እጥፍ ያሳነሰ ተማሪ አደጋውንም አሳንሶ ይዘግባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲታሰብበት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከእንፋሎት ግፊት ጎን የሙቀት መጠኑ፣ ጠጣር ወይም ፈሳሽ መሆኑ፣ የተገኘበት ዘዴና የስህተቱ ወሰን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ልኬቱ ራሱ ለሁለተኛ ዲግሪ በቂ ርእስ ሆኖ ይቆጠር። በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ግፊታቸው በደንብ ከታወቀ ኬሚካሎች ጋር የመውጫ ጊዜን በማነጻጸር የፈሳሹን ግፊት ማግኘት ይቻላል። ዘዴው የሚፈልገው መሣሪያውን፣ ዋልታ አልባ ኮለምንና ጥቂት ማነጻጸሪያ ኬሚካሎችን ነው። የማነጻጸሪያዎቹ ምርጫ ውጤቱን ስለሚወስን ግን እርሱም ይመዝገብ። የኋላ ተማሪ ቁጥራችንን ሲገለብጥ ምን እንደሚገለብጥ ሊያውቅ ይገባዋል።