ስለ ዕብነ በረድ የእጅ መታጠቢያ አጠባበቅ

የእጅ መታጠቢያ በቤት ውስጥ የሚቆመው እጅ እንዲነጻበት ነው እንጂ ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን ግን በሆቴሎች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶችም ከዕብነ በረድ የተሠራ መታጠቢያ እየተለመደ ስለ መጣ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በትግራይ የሚወጣውን የመሰለ ያማረ ድንጋይ በየቤቱ ለማየት ችለናል። ድንጋዩ ሲገባ ግን የአያያዙ ዕውቀት አብሮት አልገባም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አሳባችንን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። መታጠቢያን የሚያነጻው አፍንጫ የሚሰነፍጥና እጅ የሚያቃጥል መድኃኒት ሳይሆን፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃና ደረቅ ጨርቅ በየቀኑ ሲሠሩበት ነው። ብዙ ሰው ግን የዚህን ተቃራኒ ያምናል። እድፍ ባየ ጊዜ ሎሚ ይጨምቅበታል፤ ኮምጣጤ ያፈስበታል፤ ከዚህም አልፎ ለመጸዳጃ ቤት የተዘጋጀውን አሲድ ይደፋበታል። አረፋ እያወጣ ሲፈላ ባየም ጊዜ እድፉ የለቀቀ መስሎት ደስ ይለዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዕብነ በረድም ሆነ የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባለው ነገር የተሠራ ነው። አሲድ ይህን ነገር ሲያገኘው ይበላዋል፤ አረፋውም ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። እንግዲህ የሚፈላው እድፉ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው። ልስላሴው ከተበላ በኋላ ፊቱ ይደበዝዛል፤ ይሻክራል፤ የሻከረ ፊት ደግሞ የሳሙና ዝቃጭንና የሰውነት ቅባትን አጥብቆ ይይዛል። ባለቤቱም መልሶ ቆሸሸብኝ ብሎ አሲዱን ይደግማል፤ ነገሩም ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ ለማሳየት ይችላሉ። የእንቁላል ቅርፊትም የተሠራው ከዚያው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለ ሆነ፣ ኮምጣጤ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ቢጨምሩት አረፋ ያወጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ጠንካራው ክፍል እየሟሟ ስስ ቆዳው ብቻ ይቀራል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከማናቸውም ማስታወቂያ የተሻለ መልእክተኛ ይሆናል።

ከቧንቧው ሥር የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭም ውሃው ደርቆ የተወው ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስለዚህ ዝቃጩን የሚያሟሟ አሲድ ሁሉ ዕብነ በረዱንም ያሟሟል፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ አያውቅምና። የዚህ መፍትሔው ውሃው በድንጋዩ ላይ እንዳይደርቅ አስቀድሞ መወልወል ነው። ግራናይት የተባለው ድንጋይ ሎሚንና ኮምጣጤን ይችላል፤ ነገር ግን የድንጋዩን ዓይነት የማያውቅ ሰው እንደ ዕብነ በረድ ቈጥሮ ቢይዘው ከጉዳት ይድናል።

የድንጋዩ ጉዳት የገንዘብ ጉዳት ነው። ከዚህ እጅግ የሚከፋው በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር የሚቀላቅል ሰው ክሎሪን የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ ያስነሣል። ይህ ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ ወታደሮችን ለመግደል የተለቀቀው ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ዓይንን ይለበልባል፤ ያስላል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ይህንንም የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የገዛው የቤቱ ጌታ ሳይሆን፣ ጎንበስ ብላ የምትፈትገው ሠራተኛ ናት። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለች፣ ማስጠንቀቅ የአሠሪዋ ግዴታ ነው። ይህ ጋዝ የነካው ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወውም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ትክክለኛው አጠባበቅ ግን ቀላል ነው። በለብታ ውሃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። አሸዋ፣ አመድና የብረት ሽቦ ድንጋዩን ስለሚጭሩት አይቅረቡት። ድንጋዩ ውሃ የሚመጥ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጠብታ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሥፍራው ከጠቈረ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ቅባት ባለሙያ እንዲቀባው ያስፈልጋል። ቅባቱ ግን እድፍ እንዳይሰርግ ይከላከላል እንጂ አሲድን አይከላከልም።

ምናልባት «ሳሙና ተሐዋስያንን ካልገደለ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን ተሐዋስያን የሚጣበቁበትን ቅባትና እድፍ ሳሙና አንሥቶ ከውሃው ጋር ይወስዳቸዋል የሚል ነው፤ ብዙዎቹንም ራሱ ያፈርሳቸዋል። ትውከት ወይም ተቅማጥ ያለበት በሽተኛ በቤት ውስጥ ሲኖር ግን፣ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በውሃ የቀጠነ በረኪና ብቻውን መጠቀም ይገባል፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ደግሞም ተሐዋስያን የሚበዙት ዓይን በሚያርፍበት በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ አይደለም፤ እርጥበት በማይለየው በውሃ መውረጃው ቀዳዳና፣ የቈሸሸ እጅ ከፍቶት የታጠበ እጅ በሚዘጋው በቧንቧው መክፈቻ ላይ ነው። ሠራተኛዪቱ ድንጋዩን ለማብረቅ ከምታጠፋው ጊዜ እኩሌታውን ለእነዚህ ለሁለቱ ብታውለው ለቤተ ሰቡ ጤና ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምናሳስበው ይህን ነው። አሲዱን ከመታጠቢያው አጠገብ አርቁ፤ በረኪናውን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ፤ በመታጠቢያው ጎን ሳሙናና ደረቅ ጨርቅ ከቶ አይታጡ። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ኖሮት ሳሙና ከሌለው ቤት ይልቅ፣ የቆርቆሮ ሳህንና አንድ ቁራጭ ሳሙና ያለው ቤት በንጽሕና ይበልጠዋል።