ለበግ የተለቀቀች ደሴት

በካፌ ጨዋታው ወደ ሩቅ አገር ጉዞ ባመራ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ የፋሲካን ደሴት ማንሳቱ አይቀርም። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ድንጋዮቹ ነው፤ ማን ጠረባቸው፣ በምን ተጓጓዙ ይባላል። አንዳንዱማ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሠሯቸው እስከ ማለት ይደርሳል። እኛ ደግሞ ለአንባብያን አንድ ሌላ ጥያቄ ለማቅረብ እንወዳለን። የጠራቢዎቹ የልጅ ልጆች የት ገቡ? (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ደሴቲቱ በነዋሪዎቿ ዘንድ ራፓ ኑይ ትባላለች። ከቺሊ ጠረፍ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ትገኛለች። የፋሲካን ስም ያወጣላት በ1722 በፋሲካ ዕለት የደረሰባት ሆላንዳዊው ያኮብ ሮኸቬን ሲሆን፣ ሰዎቹ ወደ ምድር እንደ ወረዱ ተኩሰው ነዋሪዎችን ገደሉ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ጎብኚዎች እንግዲህ እነዚህ ነበሩ። በ1862 የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች መጥተው ከ1,000 የሚበልጥ ሰው አግዘው ወሰዱ። ከተጋዙት ጥቂቶቹ ሲመለሱ ፈንጣጣ ይዘው ገቡ፤ ከሞት የተረፈውም ብዙው ተሰደደ። በ1877 በደሴቲቱ ላይ የቀረው ሕዝብ 111 ነፍስ ብቻ ነበር። በእንጨት ላይ የሚቀረጸውን ሮንጎሮንጎ የተባለውን ምልክት የሚያውቁት ሰዎችም ያለቁት በዚያው ዘመን ነውና፣ እስከ ዛሬ አንብቦ የፈታው የለም።

በ1888 ቺሊ ደሴቲቱን ያዘች። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በውሉ ዕለት ንጉሡ አታሙ ቴኬና ሣር ከነአፈሩ ነቅሎ ሣሩን ለቺሊው መኮንን ለፖሊካርፖ ቶሮ ሰጠ፤ አፈሩን ግን ለራሱ አስቀረ። መሬቱ የእኛ ነው ማለቱ ነበር። ሣሩስ በእርግጥ ተበላ! ደሴቲቱ ለበግ እርባታ ተከራየችና እስከ 1953 ድረስ ዊልያምሰን ባልፎር የተባለው ኩባንያ በጎቹን አሰማራባት። ሕዝቡ ሃንጋ ሮአ በምትባል አንዲት መንደር ተከልሎ፣ ያለ ፈቃድ ከካቡ ውጭ እንዳይወጣ ተደረገ። በጉ በአባቶቻቸው መቃብር ላይ እንደ ልቡ ሲግጥ እነርሱ አጥር ውስጥ ነበሩ። ከኩባንያው ቀጥሎ የመጣው የባሕር ኃይል አስተዳደርም ቢሆን ከዚህ እምብዛም የተሻለ አልነበረም።

ይህን የለወጠው ማን ነው ቢሉ፣ ቺሊ ተልኮ ተምሮ የተመለሰ አልፎንሶ ራፑ የሚባል ወጣት መምህር ነው። በ1964 የሕዝቡን አቤቱታ ለፕሬዝዳንት ኤድዋርዶ ፍሬይ በደብዳቤ አሳወቀ። ሹማምንቱ እንደ ዓመፀኛ ቢቆጥሩትም ሕዝቡ ከንቲባ አድርጎ መረጠው፤ በ1966 በወጣው ሕግም የደሴቲቱ ሰዎች የዜግነት መብታቸውን አገኙ። መማር ለምን ይበጃል እያሉ ለሚጠይቁን መምህራኖቻችን ይህን ሰው እንጠቁማቸዋለን።

ዛሬ ወደ ራፓ ኑይ የሚሄድ ጎብኚ፣ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ30 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ከ2017 ወዲህ የድንጋዮቹን ሥፍራ የሚያስተዳድረው የአገሩ ተወላጆች ማኅበር ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ሕዝቡ የሚኖረው በቱሪስት ገንዘብ ሆኖ ሳለ ቱሪስቱን መገደቡ ምን ይባላል ይላሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በወረርሽኙ ጊዜ ከ2020 እስከ 2022 ደሴቲቱ ለጎብኚ ስትዘጋ ችግሩ ታይቷል። ዳሩ ግን ስንት ዘመን በካብ ተከልሎ የኖረ ሕዝብ የበሩን ቁልፍ ራሱ መያዙን እኛ ደግፈነዋል።

አንድ ነገር ይቀረናል። በ1868 ቶፓዝ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሆአ ሃካናናይአ የሚባለውን ሐውልት ጭና ሄደች። ዛሬ ያለው በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው፤ ስሙም «የተሰረቀ ወዳጅ» ተብሎ ይተረጎማል። በ2018 ከደሴቲቱ የሄዱ መልእክተኞች እንዲመለስላቸው ለምነዋል። 1868 የመቅደላ ዓመት መሆኑን ለአንባብያን ማስታወስ አያሻም፤ ታቦቶቻችንም ያሉት በዚያው ሙዚየም ነው። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮማ ሲመለስ «ይህን ያህል ክብደት እንዴት ይጓጓዛል» የሚለው ምክንያት አብቅቶለታል፤ የራፓ ኑይው ደግሞ ቢመዘን 4 ቶን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ስለ መቅደላ ቅርሶች በሚጽፉት ደብዳቤ ውስጥ ስለዚህም ድንጋይ ሁለት መስመር እንዲጨምሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐሳብ እናቀርባለን።