የዌልፌር ተመን ምክር ቤት ፊት ይቅረብ

የኦንታሪዮ መንግሥት ለብቻው ለሚኖር የዌልፌር ተረጂ በወር የሚሰጠው ከፍተኛው ገንዘብ 733 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ለቤት ኪራይ የታሰበው 390 ዶላር ብቻ ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ግን ለባለ አንድ መኝታ ቤት ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ተመኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተቀመጠበት ፈቀቅ አላለም፤ ኑሮው ግን ከዚያ ወዲህ ከ20 በመቶ በላይ ተወዷል። ስለ ክፍያው ማነስ ብዙ ተብሏል። እኛ የምናነሳው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ባለበት እንዲቆም የወሰነው ማን ነው? ተመኑ የሚቆረጠው ምክር ቤቱ በሚያጸድቀው ሕግ ሳይሆን ካቢኔው በሚያወጣው ደንብ ነው። ካቢኔው ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ውሳኔ ይሆናል፤ ቀርቦ እንዲያስረዳ የሚያስገድደው ግን የለም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ከ1966 ጀምሮ ኦታዋ የፕሮቪንሶችን የዌልፌር ወጪ እኩል ትጋራ ነበር። በምላሹም የተቸገረ ሁሉ እንዲረዳ፣ የተከለከለም ይግባኝ የሚልበት ቦታ እንዲኖረው ታስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ አልተከበረም ያለ አንድ የማኒቶባ ተረጂ የፌዴራሉን መንግሥት መክሰስ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ፈቅዶለታል። በ1996 ግን ያ ሥርዓት ቀርቶ በጥቅል ድጎማ ተተካ፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ የተረፈው ከሌላ ፕሮቪንስ የመጣን ሰው «ገና አልቆየህም» ብሎ መከልከልን የሚያግደው ብቻ ነው። (ኦንታሪዮ በፕሪሚየር ማይክ ሃሪስ ዘመን፣ በጥቅምት 1995፣ ክፍያውን በ21.6 በመቶ የቆረጠችው ይህ ለውጥ ከመጽናቱ በፊት ነበር፤ የድሮው ሥርዓትም እንከን አልባ አልነበረም ማለት ነው።) ኦታዋ መጠየቋን ተወች፤ ኩዊንስ ፓርክ ያለው ምክር ቤትም በእሷ ቦታ ጠያቂ ሆኖ አልተተካም።

«ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ይቆጣጠር የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እንደራሴዎቹ የሚያጸድቁት ግን የሚኒስቴሩን ጥቅል ወጪ ነው፤ 733 ዶላር ለአንድ ሰው ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በቢሊዮኖቹ መሃል ይሰወራል። «ዋና ኦዲተርስ?» ለሚለው፣ መሥሪያ ቤቱ ለምክር ቤቱ ትልቅ ዐይን መሆኑን አንክድም። በ2008/09 አንድ ተረጂ በዌልፌሩ ፕሮግራም በኦንታሪዮ ወርክስ ላይ የሚቆየው በአማካይ 19 ወር እንደነበረ፣ በ2017/18 ግን ወደ ሦስት ዓመት መጠጋቱን በ2018 ያስታወቀው እሱ ነው። ሆኖም ኦዲተሩ የሚመጣው በየስንት ዓመቱ ነው፤ የሚመረምረውም ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ እንጂ ክፍያው ያኖራል አያኖርም የሚለውን አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የመንግሥትን እጅ በሕግ ማሰር ኢኮኖሚው በሚናጋበት ጊዜ ያስቸግራል የሚለው ነው። ይህን መንግሥት ራሱ መልሶታል። የአካል ጉዳተኞችን ክፍያ፣ ኦዲኤስፒን፣ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ አድርጓል፤ ሰማይም አልተደፋም። ስኮትላንድም ከለንደን የተረከበችውን የማኅበራዊ ዋስትና ሥልጣን በ2018 በሕግ ስታደራጅ፣ የክፍያ ደንቦችን ረቂቅ የሚመረምር ገለልተኛ ኮሚሽን አብራ አቋቁማለች። ሚኒስትሮቹ አሁንም ይወስናሉ፤ ግን የኮሚሽኑ አስተያየት በፓርላማው ፊት ተቀምጦ ነው። እዚሁ ካናዳም ቢሆን፣ በወር እስከ 200 ዶላር የሚሰጠው የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ሕግ በፓርላማ ኮሚቴ በየጊዜው እንዲመረመር ራሱ ሕጉ ያዛል። ኦታዋ ለራሷ የተቀበለችውን ግዴታ ኩዊንስ ፓርክ የማይቀበልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ሚኒስትሩ በየዓመቱ ከበጀቱ በፊት ተመኑን ከኪራይና ከምግብ ዋጋ ጋር ያነጻጸረ ሪፖርት ለቋሚ ኮሚቴ እንዲያቀርቡ፣ ተመኑ ካልጨመረም ምክንያቱን በይፋ እንዲያስረዱ የሚያስገድድ ሕግ ይውጣ። አዲስ መጥተው የጥገኝነት ጉዳያቸው እስኪታይ በዚህ ገንዘብ የሚኖሩ ወገኖቻችን ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ ድምፅ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ግን የአካባቢያችሁን የፕሮቪንስ እንደራሴ «ይህን ሕግ ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።