ጉልህ ፊደል ለማን ተቀረጸ?

ጎበዝ፣ ጋዜጣ መጀመሪያ የሚገዛው በዓይን ነው። አላፊ አግዳሚው በአዟሪው ክንድ ላይ ዋናውን ርእስ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እንደ እንጉዳይ የፈሉት የግል ጋዜጦች ይህን ስላወቁ ርእሳቸውን በዝሆን ዝሆን በሚያክል ፊደል ይደረድሩት ነበር። «ጩኸታም» ተባሉ። ይባሉ! ጥያቄው ሌላ ነው፤ የሚጮኸው ስለ ምንድን ነው?

ፈረንጅ ያን እግሩ እንደ ጡብ የተነጠፈ ወፍራም ፊደል ያወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ለንደን ላይ ነው። «ኢጂፕሽያን» ይሉታል። ሥራውም ሎተሪና ሸቀጥ ከግድግዳ ላይ ሆኖ መጥራት ነበር። የገበያ ፊደል ነው ማለት ነው።

የእኛ ግን ታሪኩ ለየት ይላል። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ ያሉት ጋይንት ነው። በዚያ አገር ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቁም ጸሐፊው ድጓ ሲጽፍ ከፊደሉ በላይ የዜማ ምልክት ስለሚደረብ እጁን ረቂቅ ያደርገዋል። በሕዝብ ፊት ለሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ በጎንደር ዘመን የደመቀው «ጉልህ» የሚባለው አጣጣል አለ። ቁሙ ይወፍራል፣ ማያያዣው ይቀጥናል፣ ዓይኑ ክፍት ይሆናል። ቀይ ቀለሙም ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። መጠኑ እንደ ነገሩ ክብደት ነው!

ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ናያላ» አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው። አወፍር ሲባል ማሽኑ ፊደሉን ዝም ብሎ ይነፋዋል። የ«መ» ዓይን ይደፈናል፤ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ቀለም ሲፈስበት ደግሞ ጭርሱን ይጠፋል። ዛሬ ግን «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» ከቀጭን እስከ ጥቁር ዘጠኝ ውፍረት ይዞ በነጻ ይገኛል። ስለዚህ ሰበብ የለም። ፊደሉ አለ፤ የጠፋው ፍርዱ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። እህል ያጠራቸው ያን ዓመት ብቻ ሆኖ አይደለም። ታዲያ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ በጉልህ፣ የስማዳ ገበሬ ጎተራው ሲራቆት በረቂቅ፣ ያውም በውስጥ ገጽ! እኛ የግሎቹስ ብንሆን? የኳስ ተጫዋች ዝውውርና የዘፋኝ ፍቺ በቀይ እየጻፍን ማንን እንወቅሳለን? በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲረግፍ የአዲስ አበባ ጋዜጦች የቤተ መንግሥቱን ዜና ያደምቁ ነበር። የደበቁት ረሀብ ግን በዓመቱ ዙፋን ይዞ ወደቀ።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ የርእሱን መጠን ከመምረጥህ በፊት እንደ ቁም ጸሐፊው «ይህ ነገር ምን ያህል ይከብዳል?» ብለህ ጠይቅ። ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሚመጣው የእህል ዋጋ የፊት ገጽ ይገባዋል። አንባቢም ብርህን ከመምዘዝህ በፊት ጉልሁን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን እይ። የሚደበቀው እዚያ ነውና።